ድረሱልኝ፤ ነገ የማነበው አጭር ልብ ወለድ 41 ደቂቃ ፈጀብኝ

የለገሃር ልጅ (ማታ 1:40)
ሰላም ቤተሰብ። በናታችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ 11 ሰዓት ላይ እዚሁ ድሬ የንባብ ምሽት አለ፤ አጭር ልብ ወለዴን አነባለሁ። አሁን ለሙከራ ጮክ ብዬ ሳነበው 41 ደቂቃ ፈጀ። ከየገጹ ሁለት ሦስት መስመር ለቀምኩ። 38 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ራሱ ፈረሰብኝ፤ አንዱ አንቀጽ ካንዱ አልገጥም አለ። መጨረሻውም አልያዘልኝም። ምን ልቁረጥ? ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እሠራለሁ።

ሆጃ በወተት
ስንት ደቂቃ ነው የተሰጠሽ? ታሪኩስ ስለ ምንድን ነው? አቦ ምንም ሳትነግሪን ምኑን እንቁረጥልሽ?

የሳቢያኑ
ግማሹን ቁረጪ።

የለገሃር ልጅ
ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ነው። ታሪኩ የአንድ የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ሕይወት ነው። ሀዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ አብረው ከመጡት ሰዎች አንዱ አያቱ ናቸው፤ ከዚያ እጀምራለሁ። ከዚያ ልደቱ፣ ትምህርቱ፣ ሥራ መግባቱ፣ ሰርጉ። ከዚያ የድሮው ባቡር ይቆማል። ሚስቱ ግን እሑድ እሑድ ማታ የደንብ ልብሱን መተኮስ አትተውም። በመጨረሻ ጡረታ ይወጣል፣ ይታመማል፣ ይሞታል፤ በቀብሩ እዘጋለሁ።

ጫት ተራ
በ41 ደቂቃማ ባቡሩ ሽንሌን አልፎ ነበር! ወላሂ፣ ስሙ አንዴ ብቻ የሚጠራውን ሰው ሁሉ ከፉርጎው አውርጂው። ስንት ሰው አሳፍረሻል?

የለገሃር ልጅ
ቆጠርኳቸው። 19።

መምህሩ ከሐረር
ልጄ አይዞሽ። ጊዜ ቢያጥርሽም ይህችን ስሚኝ። ነገሩን ጥርት አድርጎ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤድጋር አለን ፖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1842 የናትናኤል ሆቶርንን የአጭር ታሪክ መድበል ሲገመግም። እንዲህ ያለ ታሪክ ባንድ መቀመጫ የሚያልቅ መሆን አለበት አለ፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ምክንያቱን ልብ በይ። አንባቢው መሀል ላይ ተነስቶ ሌላ ጉዳይ ከያዘ ስሜቱ ይበተናል። ስለዚህ ጸሐፊው አንድ ስሜት ይመርጣል። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ሁሉም ወደዚያ ይሄዳል። የማይሄደው ይወጣል።
ሩሲያዊውን ጸሐፊ ቼኾቭንም አስቢ። ሐኪም ነበር። በወጣትነቱ ለቀልድ መጽሔት ሲጽፍ የሚፈቀድለት 100 መስመር ያህል ብቻ ነበር። እጁን የሳለው ያ ጥበት ነው። ጸሐፊው ቡኒን ስለ እሱ እንደጻፈው ደግሞ፣ ጽፎ የጨረሰ ሰው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ይሰርዝ ይል ነበር። እኛ ጸሐፊዎች በብዛት የምንዋሸው እዚያ ነው ብሎ።

የለገሃር ልጅ
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ፖ እስከ ሁለት ሰዓት ከፈቀደ የኔ 41 ደቂቃ ምን በደለ?

የሳቢያኑ
መድረኩ የፖ አይደለማ። ግማሹን ቁረጪ።

ቀፊራ
እኔ ከመነሻው አልስማማም። ለምንድን ነው በፈረንጅ መስፈሪያ የምንለካት? አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብለው ጀምረው፣ «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው እስኪጨርሱ ድረስ ማን ሰዓት ያይ ነበር? አጭር ታሪክ እኛ ጋ ከጥንት ያለ ነው። ልጅቷ እንደጻፈችው ታንብብ።

መምህሩ ከሐረር
ተረትን አልናቅኩም፤ ያደግኩበት ነው። ግን ሥራቸው ይለያያል። ተረት የሁሉ ነው፤ ዛሬ አያትሽ፣ ነገ ጎረቤት እንደየአፉ ይነግረዋል። አጭር ልብ ወለድ የአንድ ሰው ብዕር ነው፤ አንድ ቃል ሲነሳ ይታወቃል። «ልብ ወለድ» የሚለውን ስም ራሱን ያወረሱን ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ታተመ። በኋላ እዚሁ ድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ ሆነው ሠርተዋል፤ የድሬ ልጆች ይህን ብትይዙት ደስ ይለኛል። የዛሬው ዓይነት አጭር ልብ ወለድ በአማርኛ እግሩን የተከለው ግን በታደሰ ሊበን መድበሎች ነው፤ «መስከረም» በ1949 ዓ.ም.፣ «ሌላው መንገድ» በ1952 ዓ.ም.። ከከተማ ሰው ሕይወት አንድ ቁራጭ አንስቶ እሱን ብቻ አብርቶ ያሳያል።

ቀፊራ
ነጋድራስነታቸውን አላውቅም ነበር። እሺ መምህር። ግን ተረቱም ባንድ መቀመጫ ያልቃል እኮ፤ ይህን ይያዙልኝ።

የጀጎል ማታ
መጨረሻው አልያዘም ካልሽ ሰው አስደንግጪ። ሰውዬው ከመጀመሪያውም ሞቶ እንደነበር በመጨረሻው መስመር ይታወቅ። እንደ አሜሪካዊው ጸሐፊ ኦ ሄንሪ።

ሆጃ በወተት
ኧረ ተው! ኦ ሄንሪ እንዲህ አያደርግም። ያችን የባልና ሚስቷን የገና ስጦታ ታሪክ አንብባት። እሷ ለሰዓቱ ሰንሰለት ልትገዛ ጸጉሯን ትሸጣለች፤ እሱ ለጸጉሯ ማበጠሪያ ሊገዛ ሰዓቱን ይሸጣል። ጸጉሩም ሰዓቱም ገና ከመግቢያው ተነግሮናል። ገንዘቧም እዚያው ተቆጥሯል፤ 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም። ከሰማይ የወረደ ነገር የለም። ያልዘራሽውን መጨረሻ ላይ አታጭጂም።
ለገሃር፣ አሁን ወዳንቺ። ታሪክሽን ስትነግሪን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያየሁት። ካውያዋን። ሌላው ሁሉ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ነው፤ ተወለደ፣ ተማረ፣ አገባ። ከየገጹ እየለቀምሽ መቁረጥሽ ነው ያፈረሰብሽ። እሱ ሁሉንም ያቀጥናል እንጂ አያሳጥርም። አንድ እሑድ ማታ ያዢ። ባቡሩ ከቆመ ወራት አልፈዋል። ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ታነጥፋለች። ውኃ በእጇ ትረጫለች። የከሰል ካውያውን እፍ ትላለች፤ አመዱ ኮሌታው ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን ዞር አድርጋ። እሱ ይገባል፤ ያያታል። ባቡሩ ቆሟል የሚል ቃል ከሁለቱም አይወጣም። ይኼው ነው ታሪክሽ።

የለገሃር ልጅ
ቆይ፣ ይሄ አስደነገጠኝ። እሱ ገጽ 9 ላይ አራት መስመር ብቻ ነው። አያቱን ካወጣሁ ግን ባቡሩ ለድሬ ምን እንደነበር ሰው በምን ይገባዋል?

ጫት ተራ
የሚሰሙሽ ድሬዎች ናቸው እኮ! ባቡሩ እንዴት እንደመጣ ለእኛ ልትነግሪን ነው? አባቴ አሁንም ጡሩምባ የሰማ እየመሰለው ከምሳ ይነሳል።

የለገሃር ልጅ
አባትህ ይነሳሉ? እውነትህን ነው?

ጫት ተራ
ወላሂ። ማንኪያውን ያስቀምጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ መልሶ ይቀመጣል። እናቴ ዝም ትላለች።

መምህሩ ከሐረር
አያቱን ፈጽመሽ አትጣያቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል። ኮቱ ላይ ያለው የናስ ቁልፍ ከአያቱ የወረሰው ይሁን፤ እሷም ስትተኩስ በጣቷ ትወልውለው።

የለገሃር ልጅ (ሌሊት 6:25)
ቀብሩን አወጣሁት። ሳወጣው አለቀስኩ፤ የአጎቴን ቀብር ነበር የጻፍኩት። 19ኙ ሰው 2 ሆነ። ቁልፉን አስገብቻለሁ። ኮቱን ምስማሩ ላይ ስትሰቅለው ላቆም ወይስ እሱ ጠዋት ሲለብሰው? አሁን 18 ደቂቃ ነው። መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስልኬም ባትሪ እያለቀ ነው።

ሆጃ በወተት
ምስማሩ ላይ። ይልበሰው አይልበሰው ለሰሚው ተዪለት።

ቀፊራ
እኔ ሲለብሰው ማየት እፈልጋለሁ። ለብሶ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ በር ላይ ሲቆም። ከዚያ ዝጊው።

የሳቢያኑ (በማግስቱ ማታ 3:00)
እንዴት ሆነ? የት አቆምሽው?

ጫት ተራ
እኔ ሥራ ይዞኝ ቀረሁ። የሄደ ሰው የለም?

መምህሩ ከሐረር
ልጄ፣ ስልክሽ ሲሞላ ጽፈሽልን እደሪ።