ጸሐፌ ተውኔት ክፍላችን ሲመጡ ሁለቱን ሰዓት በምን እንጠቀምበት?

የቅዳሜ ክፍል፦
ጤና ይስጥልኝ። በወጣት ማዕከል የሚሰጥ የፈጠራ ጽሑፍ ክፍል አስተባብራለሁ። ተማሪዎቹ 18 ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚጽፉት ግጥምና አጭር ልቦለድ ነው። አንድ ጸሐፌ ተውኔት በሚቀጥለው ወር አንድ ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሊገኙልን ፈቅደዋል። ስለ ሕይወታቸው አውርተው፣ ተጨብጭቦ እንዲያልቅ አልፈልግም። ምን ላዘጋጅ?

መጋረጃ፦
ንግግሩ ከ15 ደቂቃ አይለፍ፤ ይህንንም ለእንግዳው ቀድመው ይንገሯቸው። የቀረው ለንባብ ይሁን። ተውኔት ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ካልተሰማ ጉድለቱ አይታይም።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ይስጡ፦ ሁለት ገጸ ባሕርያት፣ አንድ ክፍል፣ ቢበዛ ሁለት ገጽ፤ አንዱ የፈለገውን ሌላው ይከለክለው። ተራኪ አይፈቀድ። ልቦለድ የለመደ ልጅ (እናቷን አስታውሳ በልቧ አዘነች) ብሎ በቅንፍ ያስገባል፤ ተመልካች ደግሞ ቅንፍ አያነብም።

ለእንግዳው ከሳምንት በፊት ሦስቱን ብቻ ይላኩ። አሥራ ስምንቱንም ከላኩ አንዱም በደንብ አይነበብም። ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ንባብ፣ 20 ደቂቃ ውይይት ይያዙ። በቀረው 30 ደቂቃ ሁሉም የራሱን አንድ ገጽ እንደገና ይጻፍ። ጸሐፊው የራሱን ሥራ በፍጹም አያንብብ፤ ድምፁ የጽሑፉን ቀዳዳ ይደፍንለታል። ዝም ብሎ አንባቢው የተደናቀፈበትን ቦታ ምልክት ያድርግ።

ገቢር ሁለት፦
ልክ ነው፤ ግን አንባቢዎቹ አንድ ጊዜ ይለማመዱት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ልጁ ይመታል» ሲል መቺ ነው ተመቺ? «ገና ነው» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? አሻሚ ቦታ ሲያጋጥም በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉ። አለዚያ የአንባቢው ስህተት የጸሐፊው መስሎ 20ውን ደቂቃ ይበላል።

የጀማሪ ተውኔት ዋና በሽታ ግን ሁለት ሰዎች ሁለቱም የሚያውቁትን መነጋገራቸው ነው፦ «እህቴ፣ አባታችን ከሞተ እኮ ሦስት ዓመት ሆነው!» ይህ ለእህትየዋ ሳይሆን ለተመልካቹ የተነገረ ነው። እንግዳው እንዲህ ያለውን መስመር ልጆቹ ፊት እንዲያቃኑት ይጠይቋቸው፤ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ለምሳሌ፦ ቡና ቀርቧል። እህት አራት ሲኒ ትደረድራለች። ወንድም አንዱን አንስቶ ወደ ረከቦቱ ጥግ ያሸሸዋል። «ሦስት ይበቃል።» ማን እንደጎደለ ተመልካቹ ራሱ ይጠይቃል፤ እስኪመለስለትም ይጠብቃል።

አጠራርንም ያስተውሉ። «አንተ»፣ «አንቺ» ሲባባሉ የቆዩ ባልና ሚስት ድንገት «እርስዎ» ከተባባሉ ጠቡ ተነገረ ማለት ነው። ይህንን አማርኛችን በነጻ ይሰጠናል፤ ልጆቹ ግን ሁሉንም ሰው በአንድ አጠራር ያናግራሉ።

የቅዳሜ ክፍል፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሥራው ሲተች የሚያኮርፍ ልጅ ካለስ?

መጋረጃ፦
ውይይቱ በ«ወደድኩት፣ አልወደድኩትም» አይጀመር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው የገባው?» ይሁን፤ መልሱን አድማጮች ይስጡ፣ ጸሐፊው አይናገር። ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ መልስ ከሰጠ ጽሑፉ ግልጽ አለመሆኑን ማንም ሳይነግረው ያየዋል። ሦስቱን ሲመርጡም ምርጦቹን ሳይሆን ችግራቸው የሚለያየውን ይውሰዱ፤ አለዚያ እንግዳው አንዱን ምክር ሦስት ጊዜ ይደግሙታል።

ገቢር ሁለት፦
ስለ ቅጂ ልጨምር። ለአንድ ጽሑፍ አምስት ይበቃል፦ ሁለቱ ለገጸ ባሕርያቱ፣ አንዱ የመድረክ መግለጫውን ለሚያነብ፣ አንዱ ለእንግዳው፣ አንዱ ለጸሐፊው። ለሌሎቹ አያድሉ፤ ወረቀት የያዘ ሰው ዓይኑ መስመሩን ይከተላል እንጂ አያዳምጥም። የእንግዳውን የትራንስፖርትና የአበል ነገር ደግሞ ሲጋብዙ ይጨርሱት፤ በዕለቱ በር ላይ የሚነሳ ወሬ አይደለም።