የስታቲስቲክስ ማስተማሪያ ዳታ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

የማህበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ናችሁ ጎበዝ? ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ ለጊዜው ይህን ይላል፦ «አባላት በነጻ የሚገኙ ዳታዎችን ሊንክ ሰብስበው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ መምህራን ያሰራጫሉ።» ቁረጡት፣ ቀጥሉበት።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ ሊንክ የቸገረው ማን አለ? አር (R) የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ብቻውን ብዙ ዳታ ይዞ ይመጣል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1936 የሠራበት የአይሪስ አበባ አለ፤ 150 አበባ፣ ሦስት ዝርያ፣ አራት ልኬት። እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣ የአሜሪካ መጽሔት የተወሰዱ 32 መኪኖችም አሉ። የነዳጅ ፍጆታቸው ግን በማይልና በጋሎን ነው። ተማሪው ትምህርቱን ትቶ ጋሎን ስንት ሊትር እንደሆነ ይጠይቃል። ጥቂት ዳታ ይበቃናል። ብቻ ማን እንደለካው፣ የት፣ በምን መለኪያ የሚል አንድ ገጽ አብሮት ይኑር።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፦ ሁላችንም ጋ ኮምፒውተር ያለ አስመሰላችሁት እኮ! ለእኔ የሚሆነኝ መብራት ሲሄድም የሚሠራ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያው አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣቸውን አራት የዳታ ስብስቦች አስገቡልኝ። እያንዳንዱ 11 ጥንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ክፍሉን አራት ቦታ ከፍዬ ለየቡድኑ አንዳንድ እሰጣለሁ። የኤክስ አማካይ 9፣ የዋይ 7.5፣ ኮሪሌሽኑ (የሁለቱ ዝምድና ልኬት) 0.82 ገደማ፤ አራቱም ቡድን ያው መልስ! «ተኮራርጃችኋል» መባባል ይጀመራል። ከዚያ ነጥቦቹን ካሬ ደብተር ላይ ያስቀምጣሉ። አንዱ በመስመር ዙሪያ የተበተነ፣ ሌላው ደጋን፣ ሦስተኛው ከአንድ ነጥብ በቀር ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። አራተኛው ላይ አንዱ ነጥብ ሸሽቶ የቀሩት እንደ ምሰሶ ተደርድረዋል።

ጸሐፊ፦ ሊንክ የሚለው ወጣ። የአገራችን ዳታስ?

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው አለ፤ እ.ኤ.አ. የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016። ግን ጥሬ ዳታውን የሚፈልግ ሁሉ ራሱ ተመዝግቦ ያስፈቅዳል፤ ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም። በፍላሽ እየገለበጥን አንዙር። የፈቃድ አጠያየቁን እንጻፍ፤ ለክፍል የታተመው ሪፖርት ሰንጠረዦች ይበቃሉ።

ጡረታ የወጡ መምህር፦ ልጆች፣ ጣና አጠገባችሁ ተኝቶ አበባ ፍለጋ የምን መሄድ ነው? ዓሣ ነጋዴዎቹን አስፈቅዳችሁ ቀረሶና አምባዛ ለኩ፤ ርዝመቱን በሴንቲሜትር፣ ክብደቱን በግራም።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ይሄ ደስ ይላል! የዓሣ ክብደት ከርዝመቱ ኩብ ጋር ተቀራርቦ ስለሚያድግ ግራፉ ይጎብጣል። ሁለቱንም ሎጋሪዝም ስናደርጋቸው ቀጥ ይላል። ለሎጋሪዝም ምዕራፍ እንዲህ ያለ ምሳሌ አጥቼ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ በበኩሌ እስማማለሁ፤ ግን «የጣና ዓሣ አማካይ» ብለን እንዳንጽፍ። ትንንሹ በመረቡ ቀዳዳ ያመልጣል። ትልልቁን ሆቴሎች ቀድመው ከወሰዱት ደግሞ ገበያ የሚቀረው መሃለኛው ነው። እኔ ብሆን ናሙና ምን እንደሆነ በዚሁ አስተምራለሁ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ነጋዴ እንደለካ ይመዝገብ። የተሳሳተ የመሰለ ቁጥርም አይሰረዝ፤ ምልክት ይደረግበት።

ጡረታ የወጡ መምህር፦ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፣ በፈረንጅ፣ ቁርጡን ጻፉ። አንዱ ሁለት ሰዓት፣ ሌላው ስምንት ሰዓት ብሎ ያንኑ ጠዋት ይመዘግባል።

መምህርት፦ ዝናብም እንጨምር ካላችሁ ጳጉሜን አትርሱ። በእኛ ወር ስንደምር የአምስት ወይም የስድስት ቀን ወር ከ30 ቀን ወር ጎን ይቆማል። በቀን ካላካፈልን ዝናቡ ድንገት ቆሞ መስከረም ላይ የተመለሰ ይመስላል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ማህበሩ ጥቂት ዳታዎችን፣ እያንዳንዱን ከአንድ ገጽ መግለጫ ጋር፣ በኤክሴልም ሰሌዳ ላይ በሚጻፍ መልክም ያዘጋጃል። አንዱ ተማሪዎች ነጋዴዎችን አስፈቅደው የሚለኩት የዓሣ ዳታ ይሆናል። ማስተላለፍ የተከለከለ ዳታ በፓኬጁ አይካተትም።» በጀቱ ላይ ሚዛንና ሜትር ጽፌያለሁ።

መምህርት፦ ካሬ ደብተርም ጨምርበት።