ባቱ ላይ 2 ሄክታር ወይን፦ ማረስ ትቶ ወደ ሽፋን ሰብልና ሶላር ፓምፕ መዞር፣ ገንዘቡስ?

ወይን ባቱ
ሰላም ለቤቱ ሰዎች። ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ያለ 2 ሄክታር የወይን ማሳ ነው (ሲራና ሜርሎ፣ ለወይን ጠጅ)። ተክሉ 5 ዓመቱ ነው፣ ርቀቱ 2.5 በ1.2 ሜትር። የመስመሮቹ መሃል በዓመት ሦስት ጊዜ ይታረሳል። አፈሩ ዝናብ ሲመታው ቅርፊት ይሠራል፣ ውሃ አያሰርግም። ድሪፕ (የጠብታ መስኖ) አለ፣ ፓምፑ የናፍጣ ነው። ማረሱን አቁሞ በሽፋን ሰብል (አፈሩን ለመሸፈን በሚዘራ ተክል) እና በኮምፖስት መቀጠል፣ ፓምፑንም ወደ ሶላር መቀየር ታስቧል። ከየት ይጀመር? ባንክስ ለዚህ ያበድራል? የካርበን ሽያጭ የሚሉት ነገርስ?

አፈር ሐኪም
ዘር ከመግዛትህ በፊት ውሃውን አስመርምር። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ቅርፊቱ የማረሻው ጥፋት ብቻ ላይሆን ይችላል። ላቦራቶሪውን ኢሲ (የጨው መጠን)፣ ኤስኤአር (የሶዲየም ድርሻ) እና ቀሪ ሶዲየም ካርቦኔት (ከካልሲየምና ከማግኒዥየም የሚተርፈው ካርቦኔት) ብለህ ጠይቅ። የመጨረሻው በሊትር ከ1.25 ሚሊኢኩቫለንት በታች ከሆነ ተገላገልክ። ከ2.5 ካለፈ ግን ጂፕሰም (የካልሲየም ማዕድን) ሳይጨመር ኮምፖስት ብቻውን አያድንህም።

ሽፋን ሰብሉን ሐምሌ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሲይዝ ዝራ። ቬች (እንደ አተር ያለ የመኖ ተክል) እና አጃ ቀላቅል። 1.5 ሜትር ብቻ ዘርተህ ከግንዱ ግራና ቀኝ 50 ሴንቲ ንጹሕ ስለምትተው፣ የሚሸፈነው 60 በመቶው ነው፤ ለሄክታር 18 ኪሎ ቬች ከ24 ኪሎ አጃ ጋር ይበቃል። ቬቹ ግማሽ ሲያብብ፣ መስከረም መጨረሻ ገደማ፣ አጭደህ እዚያው አንጥፈው። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፦ «ትንሽ ይቆይ» ይላል፣ ጥቅምት ይገባል፣ ዝናቡ ይቆማል፣ ሽፋኑ ከወይኑ ጋር ውሃ ይሻማል፣ ቬቹም በሽቦው ላይ ሽቅብ ይወጣል። ጉዝጓዙን ከግንዱ 20 ሴንቲ አርቀው፤ ምስጥ ደረቅ ገለባ ይወዳል። አጥር ከሌለህ ደግሞ በበጋ የሰፈሩ ከብት ጠራርጎ ይበላዋል፣ ያንን አሁኑኑ አስብበት።

ኮምፖስት ለአንድ ተክል 3 ኪሎ። በሄክታር 3,333 ተክል ስላለህ 10 ቶን ያህል ማለት ነው። የአበባ እርሻ ተረፈ ምርት በአካባቢው በርካሽ ይገኛል፣ ግን የመድኃኒት ቅሪት አያጣውም። ክምሩ 55 እስከ 65 ዲግሪ ሞቆ ደጋግሞ ይገልበጥ፤ ከዚያ ኮምፖስቱን ከአፈር ቀላቅለህ ቦሎቄ ዝራበትና ሦስት ሳምንት ጠብቅ። ቅጠሉ ከተጠማዘዘ ማሳ ውስጥ አታስገባው።

ዩሪያን በአንድ ጊዜ አትቁረጥ። የአጃ ገለባ ሲበሰብስ ናይትሮጅን ይዞ ይቆያል፣ ወይኑ ይገረጣል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ሽፋን ሰብሉን ይረግማል። በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ሄክታር ላይ ብቻ፣ ያውም አንድ መስመር እየዘለልክ ጀምር።

ፓምፕና ፓኔል
የሶላሩን ስሌት ልስጥህ። በሞቃቱ ወቅት ወይኑ በቀን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ 2 ሄክታር ላይ 60 ሜትር ኩብ ነው። ጠቅላላ ከፍታውን (ማንሻ፣ ማጣሪያ፣ የቱቦ ሰበቃ፣ የድሪፕ ግፊት) 30 ሜትር ብለን ብንይዝና የፓምፑ ብቃት 45 በመቶ ቢሆን፣ በቀን 11 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስድስት ባለ 550 ዋት ፓኔል በቂ ነው። ጉድጓድህ ጥልቅ ከሆነ ግን ቁጥሩ ሁሉ ይቀየራል፣ ሻጭ ሳይለካ ዋጋ ከሰጠህ ሌላ ሻጭ ፈልግ።

ማሳውን በሦስት ክፍል ከፍለህ በየተራ እያንዳንዱን ለሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል አጠጣ። ሰማዩ ሲዳምን ግፊቱ ስለሚወርድ ግፊት የሚያመጣጥን ድሪፐር ያስፈልግሃል፤ አለበለዚያ የመስመሩ ጫፍ ይጠማል። ውሃው ከሐይቅ ከሆነ የአሸዋ ማጣሪያ ከፊት፣ ባለ 120 ሜሽ ዲስክ ማጣሪያ ከኋላ ይግባ። ዲስኩን ብቻ ያስገባ ሰው አልጌ ሲያጥብ ይውላል።

ሒሳብ ሹም
ወጪውን ሦስት ቦታ ክፈለውና ለእያንዳንዱ የተለያየ ገንዘብ ፈልግ። ፓምፑ፣ ፓኔሉና ማጣሪያው ሊዝ ይሁን፦ አበዳሪው ዕቃውን ይገዛል፣ ክፍያው እስኪያልቅ ባለቤቱ እሱ ነው፣ ስለዚህ ቤት አታስይዝም። የልማት ባንክ ሊዝ አሠራር ላይ ተከራዩ 20 በመቶውን ያዋጣል። ወለድ ለማትፈልጉ፣ ከወለድ ነፃ ባንኮች በሙራባሃ (ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በክፍያ ይሸጥልሃል) ያደርጉታል።

ዘርና ጉልበት በወቅት ብድር ይሸፈናል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ሰብልና ተንቀሳቃሽ ንብረት በመዝገብ ተመዝግቦ መያዣ ይሆናል። ከፋብሪካ ጋር የተፈረመ የወይን ሽያጭ ውል ካለህ ደግሞ ብድር ኦፊሰሩ መጀመሪያ የሚያገላብጠው እሱን ነው።

ሦስተኛውን ወጪ ሰው ሁሉ ይረሳዋል፦ በሽግግሩ ዓመታት የሚቀንሰውን ምርት። የእፎይታ ጊዜ ጠይቅ፣ ግን ወለዱ ይቆጠራል። ለምሳሌ 600,000 ብር በ15 በመቶ አንድ ዓመት ሳይከፈል ቢቆይ 90,000 ብር ይጨመርበታል። ከዚያ ይልቅ ክፍያው በወር መሆኑ ቀርቶ በምርት መሰብሰቢያ እንዲሆን ተደራደር፤ ባቱ ላይ ወይኑን በዓመት ሁለቴ የሚገርዝና የሚያመርት ሰው በስድስት ወር መክፈል ይችላል።

ካርበኑን (አፈር ውስጥ ያስቀረኸውን ካርበን ለብክለት ማካካሻ መሸጡን) ተወው። በሄክታር በዓመት 1 ቶን ብትይዝ እንኳ (ያም ለጋስ ግምት ነው) 2 ቶን ነው፣ ቶኑ በ20 ዶላር ቢሸጥ 40 ዶላር። አረጋጋጩ ለአንድ ጉብኝት የሚጠይቀው ከዚያ በላይ ነው። ወላይታ ሁምቦ ላይ የተሳካው 2,728 ሄክታር በማኅበር ተደራጅቶ ነው፣ ያውም ደን ነው።

ወይን ባቱ
እግዜር ይስጥልኝ። የታጨደውን በጎች ቢበሉትስ? ወጪ ይቀንሳል ብዬ ነው።

አፈር ሐኪም
ለዳውኒ ሚልዲው (የወይን ቅጠል ሻጋታ በሽታ) መዳብ ከረጨህ አይሆንም። በግ ከሌላው ከብት ይልቅ በመዳብ ይመረዛል፣ ጉበቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ቆይቶ ድንገት ይገድለዋል። በጎቹን ማስገባት ከፈለግክ መዳብ ያልነካውን ክፍል ለይላቸው፣ ወይኑ እምቡጥ ሳያወጣም አስወጣቸው፤ ለጋውን ቀንበጥ ከቬች አስበልጠው ይበሉታል።