ለጥቁር መኪና ሰም ይሻላል ወይስ ሲላንት? የእኔ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም

የጥቁሯ ባለቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥቁር የቤት መኪና አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀለሟ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ አንድም ቦታ አልተነካም። ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ማታ ደግሞ ዛፍ ስር ነች። ጠዋት ስነሳ የወፍ ኩስ የማላገኝባት ቀን ጥቂት ነው።

ባለፈው ወር በቆርቆሮ የሚመጣውን የካርናውባ ሰም ገዛሁ። አንድ የዕረፍት ቀኔን ሙሉ ለእሷ ሰጠሁ። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብኳት፣ አደረቅኳት፣ ሰሙን ወፈር አድርጌ መላ አካሏን ቀባሁ። ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ፀሐይ ላይ አቆምኳት። መጥረጉ ክንዴን ገደለው። ስጨርስ ግን ፊቴን አየሁባት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ደስታዬ ሁለት ሳምንት ነው የቆየው። ዝናብ ሲመጣ ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ውሃው እንደ ድሮው ተዘርግቶ ተኛ። በሮቹ ላይ ግን አሁንም ድረስ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይንከባለላል። ሰሙ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ የቀባሁት እኔው። ለምን?

ሌላም አለ። ፀሐይ በቀጥታ ሲመታት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይታያል። ሰሙ ለጥቂት ቀን ደብቆት ነበር፣ ተመልሶ መጣ። ስፖኪዮው ስር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ሰሙ ነጭ ሆኖ ደርቆ ቀርቷል። በውሃ አልለቅ ብሎኛል።

አሁን ሲላንት የሚባለውን ሰው ሠራሽ የቀለም መከላከያ ልግዛ ወይ እያልኩ ነው። በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ነው አንድ ሙሉ ቀን የማገኘው። ማብረቅረቋንም ማጣት አልፈልግም። ሁለቱን መደራረብ ይቻላል? ከተቻለስ የቱ ይቀድማል?


ቀለም ቤት የኖረ፦

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው፤ የመልሱ ግማሽ እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ቀለም ቀቢ ነበርኩ፣ አሁን ቀለም ማጥራትና ማብረቅ ብቻ ነው ሥራዬ። ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

ከበሮቹ ልጀምር። በር ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ፀሐይ በጎን ነው የሚያገኘው፣ ውሃ አይተኛበትም፣ ኩስም እምብዛም አያርፍበትም። ኮፈንና ጣሪያ ግን ሰማይ ሰማይ እያዩ የተኙ ናቸው። ጥቁር ቀለም ደግሞ ሙቀት ይጠጣል። ቀትር ላይ የጥቁር መኪና ኮፈን ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል። ከስሩ የሞተሩም ሙቀት አለ። ሰምሽ በሮቹ ላይ መቆየቱ ዕቃው መጥፎ እንዳልሆነ ይነግርሻል። የተሸነፈው ፈተናው የከበደበት ቦታ ላይ ነው።

ካርናውባ በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት የሚገኝ ሰም ነው። ዛፉ በድርቅ ጊዜ ውሃው እንዳይተንበት ቅጠሉን የሚሸፍንበት ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ ይደርቃል፣ ሲመታ ሰሙ ይራገፋል። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ ካርናውባ እስከ 80 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይችላል። ታዲያ ኮፈኔ ላይ ለምን አልቻለም ትዪኝ ይሆናል። ንጹሑ ካርናውባ እንደ ድንጋይ ጠጣር ነው፤ በጨርቅ አይቀባም። ስለዚህ ፋብሪካው ለስላሳ ሰም፣ ዘይትና ማሟሚያ ይቀላቅልበታል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ይህ ቅልቅል ነው፤ ሙቀቱ ቀድሞ የሚረታውም ለስላሳውን ክፍል ነው። ውጭ ውላ ውጭ የምታድር መኪና ላይ ሰም ከአንድ እስከ ሁለት ወር ከቆየ እኔ ጥሩ ቆይቷል እላለሁ።

ሲላንት ሰው ሠራሽ ነው፣ ፖሊመር። ሙቀትንም ሻምፖንም ከሰም የበለጠ ይችላል። በደንብ የተዘጋጀ ቀለም ላይ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይሄዳል። በዓመት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ብቻ ጊዜ አለኝ ካልሽ፣ ያለ ጥርጥር የአንቺ ሲላንት ነው።

ግን ሲላንቱን ገዝተሽ እንደዚያኛው ከቀባሽው እሱም ይለቅብሻል። እባክሽ ይህን ክፍል ሳትቸኩዪ አንብቢው።

መኪናዋን አጥበሽ አድርቂያት። እጅሽን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቢና በጣቶችሽ ጫፍ ኮፈኑን ቀስ ብለሽ ዳብሺው። ባዶ እጅ የማይሰማውን ፌስታሉ ያሰማሻል። በስድስት ዓመት መኪና ላይ አሸዋ የተበተነ ያህል ሊሻክርሽ ይችላል። አብዛኛው የብረት ብናኝ ነው፤ ከፍሬን ተፍቆ እየተነሳ ክሊሩ ላይ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ላይ፣ ይሰካል። ሙጫና ሬንጅም ይኖርበታል። ሻምፖ ይህን አያነሳም። በላዩ ብትቀቢ ሲላንቱ የሚጨብጠው ቀለሙን ሳይሆን ቆሻሻውን ነው።

ለብረቱ የሚረጭ ማሟሚያ አለ። ብረት ሲያገኝ ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል፣ መኪናዋ የደማች ነው የሚመስለው። ጥላ ውስጥ ተጠቀሚው፣ ቀለሙ ላይ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ አውርጂው። ጓንት አድርጊ፤ ሽታውም ከባድ ስለሆነ ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ቀጥሎ ክሌይ የሚባለው ሊጥ የመሰለ ማጽጃ ነው። በሻምፖ ውሃ እያራስሽ፣ ሳትጫኚው፣ ወዲያና ወዲህ በቀጥታ መስመር አንሸራቺው። መሬት ከወደቀብሽ ጣይው። አንዲት ጠጠር ብትይዝ ጥቁር ቀለም ላይ የምታደርሰውን እኔ አይቻለሁ።

የሸረሪት ድሩ ክሊሩ ላይ የተቀረጸ ጥቃቅን ጭረት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአጠባብ ነው፤ አንድ ባልዲ፣ አሸዋ የያዘ ስፖንጅ፣ ክብ ክብ ማሸት። ሰም ሞልቶ ይደብቀዋል፣ አያጠፋውም። የሚያጠፋው ፖሊሽ ነው። ሰው የሚያብረቀርቀውን ነገር ሁሉ «ፖሊሽ» ይላል፤ አንቺ ግን ለይተሽ እወቂው። ፖሊሽ በጣም እንደላመ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ይፍቃል። ሰምና ሲላንት ይሸፍናሉ። ክሊሩ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከፀጉር ዘለላ ይሳሳል። ስለዚህ በየጊዜው መፋቅ የለም። አንዴ፣ ለስላሳውን ፖሊሽ፣ በለስላሳ ስፖንጅ ይበቃል። ማሽን ይዘሽ የማታውቂ ከሆነ ጠርዝ ጠርዙን ተጠንቀቂ፣ ክሊሩ እዚያ ላይ ይሳሳል። ጥቁር መኪና ላይ የምናደንቀው ብርሃን አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ጠፍጣፋና ለስላሳ ክሊር ያለ ሰምም ያበራል።

ከፖሊሽ በኋላ ያለችውን አንዲት እርምጃ ዘልዬ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ጥቁር ሰማያዊ መኪና ነበረች። ሁለት ቀን ፖሊሽ አድርጌ፣ ባለቤቱ ሊወስዳት ሲመጣ ቸኮልኩና የፖሊሹን ቅባት ሳልጠርግ ሲላንት ቀባሁባት። ደስ ብሎት ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ይዟት መጣ። ውሃ ስረጭባት የኮፈኑ ግማሽ ይንከባለላል፣ ግማሹ ዝም። ሲላንቱ የያዘው ቅባቱን ነበር። ያለ ክፍያ እንደገና ሠራሁለት። ከዚያ ወዲህ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል በአራት እጅ ውሃ በርዤ፣ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ሳልጠርግ ምንም ነገር አልቀባም።

አቀባቡን በተመለከተ፣ ወፈር ማድረግሽ ነው ክንድሽን የገደለው። ቀለሙን የሚነካው ስሱ ሽፋን ብቻ ነው፤ የቀረውን ጠርገሽ ነው የጣልሽው። ትንፋሽ ያረፈበት መስታወት ታውቂ የለ? ያን ያህል ስስ ይሁን። ፀሐይም ላይ አይሆንም፤ ብረቱ ለእጅ ቀዝቀዝ ሲል ጥላ ውስጥ ነው። ሲላንት ደግሞ መጥኖ እስኪደርቅ ውሃ እንዲነካው አይፈልግም፤ ብዙዎቹ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይጠይቃሉ፣ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። ያን ሌሊት መኪናዋ ጣሪያ ያለው ቦታ ብታድር ጥሩ ነው። በማግስቱ ሁለተኛ ስስ ሽፋን ድገሚ፤ መጀመሪያ ያመለጠሽን ቦታ ይይዝልሻል።

መደራረብ ይቻላል። ሲላንት ይቀድማል፣ ሰም ከላይ ይሆናል። ተገላቢጦሹ አይሠራም፤ ሲላንት ሰም ላይ አይጨብጥም።

ፕላስቲኩን በተበረዘ ሁለገብ ማጽጃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈትጊው። በሚቀጥለው ግን ከመጀመርሽ በፊት በቀለም ቤት ቴፕ ሸፍኚው። የዕቃ ማጠቢያውንም ሳሙና ከሲላንት በኋላ እንዳትመልሺው፣ ለመኪና የተሠራ ሻምፖ ያዢ።


ሰም ወዳጁ፦

ወንድማችን ስለ ዝግጅቱ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ስለ ሰም ግን ትንሽ መከራከር አለብኝ። እኔም ያለችኝ ጥቁር ናት፤ ሲላንት ሁለት ዓመት ተጠቅሜ ወደ ሰም ተመልሻለሁ። ሲላንት ያበራል፣ ግን ብርሃኑ ቀዝቃዛ ነው፣ የብርጭቆ ዓይነት። ሰም የተቀባ ጥቁር ጥልቀት አለው፣ እርጥብ ይመስላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው ይሉኛል። ለዓይኔ ትንሽ አይደለም።

እኔ ግን መኪናዬን የማሳድረው ጋራዥ ውስጥ ነው፣ በየስድስት ሳምንቱም አንድ ጠዋት እሰጣታለሁ። ያንን ጠዋት እወደዋለሁ። አንቺ ያን ጊዜ የለሽም፣ ስለዚህ የሱን ምክር ስሚ። ብቻ የገዛሽውን ቆርቆሮ አትጣይው። ሲላንቱ በደንብ ከደረቀ ከአንድ ቀን በኋላ ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ብቻ ስስ አድርገሽ ቀቢው። ሰሙ ሲያልቅ ሲላንቱ ከስሩ አለልሽ።

መሃል መንገድም አለ። ሰምና ፖሊመር የተቀላቀለባቸው ፈሳሾች አሉ፤ ኮሊናይት 845 አንዱ ነው። አጥብቆ ይይዛል። ብርድ ላይ ይረጋል፤ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆይተሽ መነቅነቅ ነው።


የቅዳሜ አጣቢ፦

ሴራሚክ ስፕሬይ የሚባለውን የሚረጭ መከላከያ ማንም አላነሳም? ታጥባ ገና እርጥብ እያለች የሚረጩ አሉ፤ ረጭቶ በጨርቅ ማድረቅ ነው። ሲላንትሽን በየወሩ በሱ ብታድሺው ዕድሜው ይረዝማል፣ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። ስፕሬዩን ባለሙያ ከሚቀባው ሴራሚክ ጋር ግን አታምታቺው። ያኛው ዓመታት የሚቆይ ነው፣ ከስሩ የተረሳ ጭረት ካለም አብሮሽ ይኖራል።


የጥቁሯ ባለቤት፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። የፌስታሉን ነገር ዛሬ ማታ ሞከርኩት። ኮፈኑ እውነትም አሸዋ ነው! በባዶ እጄ ለስላሳ መስሎኝ ነበር። በሮቹ ከታች በኩል ሻካራ ናቸው፣ ከላይ ደህና ናቸው።

ሲላንት፣ የብረት ማሟሚያና ክሌይ አዝዣለሁ። ፖሊሹን ለባለሙያ እሰጣለሁ፣ ማሽን ይዤ አላውቅም። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ውሃው ጥሩ ከተንከባለለ ሲላንቱ አለ ማለት ነው? የወፍ ኩሱንስ ምን ላድርግ? ጠዋት ለሥራ ስጣደፍ በእርጥብ ሶፍት አሽቼው ነው የምሄደው።


ቀለም ቤት የኖረ፦

ፖሊሹን ለባለሙያ መስጠትሽ ጥሩ ውሳኔ ነው። ክሊሩ ስንት ማይክሮን እንደቀረ እንዲገምት መጀመሪያ ቀለሙን በመለኪያ እንዲለካው ጠይቂው። አንድ ቦታ ላይ ከሌላው በጣም ወፍሮ ካገኘው፣ አንቺ ሳታውቂው ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

ውሃው መንከባለሉ ጥሩ ምልክት ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ሲላንቱ እያለም ላዩ በአቧራና በሬንጅ ሲሸፈን ውሃው ይተኛል። ስለዚህ አለቀ ከማለትሽ በፊት በደንብ እጠቢያትና እንደገና እዪ። ታጥባም ከተኛ ያኔ አልቋል። ሌላም ነገር አለ። የተንከባለለው ጠብታ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ክብ ነጭ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ ጥቁር ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ካጠብሽ በኋላ ሁልጊዜ አድርቂያት።

ኩሱን በሶፍት ማሸት ዛሬውኑ ተይው። ውስጡ አሸዋና የዘር ፍሬ አለበት፤ የሸረሪት ድርሽ ከፊሉ የመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል። ሳይነሳ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ክሊሩን ይበላዋል። ሲላንት ጊዜ ይገዛልሻል፣ ጥቂት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ሙሉ ቀን ግን አይችልም። መኪናዋ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃና ሁለት ማይክሮፋይበር አስቀምጪ። ጠዋት አንዱን ጨርቅ በደንብ አርሰሽ ኩሱ ላይ ጣል አድርጊው። ዕቃሽን እስክትጭኚ፣ መስታወቱን እስክትጠርጊ እዚያው ይቆይ። ሲረጥብ ጨርቁን ሳትጫኚ ወደ ላይ አንሺው፣ አብሮ ይነሳል። የቀረውን በሁለተኛው ጨርቅ። ጨርቆቹን ማታ እጠቢያቸው፣ ልብስ ማለስለሻ ግን አትጨምሪባቸው፤ ውሃ መምጠጥ ያቆማሉ።