«እመኚ፣ ትድኛለሽ» ማለት ታማሚን ይረዳል ወይስ ይጎዳል?

ታናሽ እህት፦
እስቲ አንድ ነገር ላንሳ፣ ስድብ ግን አይኑር። ታላቅ እህቴን በጡት ካንሰር ሁለት ዓመት አስታምሜ ቀብሬያለሁ። ሃይማኖት ጠል አይደለሁም። እህቴ እስከ መጨረሻዋ ቀን ጸልያለች። ጸልያ ስትጨርስ ትንፋሿ ረጋ ሲል፣ ከዚያ እንቅልፍ ሲወስዳት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማስታገሻው ያልሰጣትን እረፍት ጸሎቱ የሰጣት ሌሊት ብዙ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ «እመኚ፣ ትድኛለሽ» ይላታል። መጀመሪያ ደስ ይላት ነበር። በሽታው አጥንቷ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አንድ ሌሊት ቀስቅሳኝ «ቆይ፣ የኔ እምነት ምኑ ጋ ነው የጎደለው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። የገደላት ካንሰር ሆኖ ሳለ ጥፋቱን የወሰደችው እሷ ናት። ስለዚህ ይህን ቃል ለታማሚ ማለት የለብንም ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሰባት ዓመቴ፦
ነፍሷን ይማርልሽ እህቴ። ግን አልስማማም። እኔን የያዘኝ ሊምፎማ፣ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ነበር፣ ይኸው ከዳንኩ ሰባት ዓመቴ። ኬሞው፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ ስድስት ዙር ነው፣ ሦስተኛው ላይ በቃኝ ብዬ ነበር። አፌ ውስጡ ተልጦ ምራቄን መዋጥ እንኳ መከራ ሆነብኝ። ፀጉሩን ተዉት፣ ፀጉርስ ይበቅላል። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ትድናለህ፣ እሱ አይጥልህም» ባትለኝ ኖሮ ለአራተኛው አልሄድም ነበር። ሐኪሜም «የመዳን ዕድልህ ጥሩ ነው» ብሎኛል፣ እውነቱን ነው፣ ግን የሐኪም ቃል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብሮህ አያድርም። ቃሉን ከታማሚ ከመንጠቃችሁ በፊት በምን እንደምትተኩት ንገሩኝ።

ደረቅ እውነት፦
እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። ግን እንነጋገር ከተባለ ያዳነህ አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ዙር ነው። ከሊምፎማ ዓይነቶች ውስጥ ለኬሞ ጥሩ ምላሽ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ያንኑ ቃል ሰምቶ «በቃ ድኛለሁ» ብሎ ኬሞውን የተወውስ? እሱ እዚህ መጥቶ አይጽፍልንም፣ ችግሩ ይህ ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ካንሰራቸው ገና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይሰራጭ መደበኛውን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መደበኛውን ከወሰዱ ሰዎች ጋር አነጻጸረ። የመሞት አደጋቸው 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፣ የጡት ካንሰር ላይ ከ5 እጥፍ በላይ። ጸሎት ራሱም ተፈትኗል። በ2006 በወጣ ጥናት 1802 የልብ ቀዶ ሕክምና ታማሚዎች ነበሩ። ለከፊሎቹ የማያውቋቸው ሰዎች ጸለዩላቸው። የተለወጠ ነገር የለም። እንዲያውም «በእርግጥ ይጸለይላችኋል» የተባሉት 59 ከመቶ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጤና ችግር ገጠማቸው፤ ተጸልዮላቸው እርግጡን ያላወቁት ግን 52 ከመቶ።

ነርስ ነኝ፦
ደረቅ፣ ቁጥሮችህ ልክ ናቸው፣ ያመጣህበት ቦታ ግን ልክ አይደለም። የ2018ቱ ጥናት ጸሎትን አልለካም። ካንሰር ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማየው ታማሚ አንዱ እጁ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ በሌላው መጽሐፉን የያዘ ነው። እምነትና መድኃኒት በራሳቸው አይጣሉም፣ ሰው ነው የሚያጣላቸው።

ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ዕድሜውን በዚህ ጉዳይ ላይ ፈጅቷል። ሰው መከራ ሲመጣበት እምነቱን በሁለት መንገድ ይይዘዋል ይላል። አንዱ «ፈጣሪ አብሮኝ ነው» ብሎ መደገፍ ነው። ሌላው «ቀጣኝ፣ ተወኝ፣ ረሳኝ» እያሉ መታገል። ይሄኛው ከጭንቀትና ከድብርት ጋር አብሮ እንደሚሄድ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ያቺ እህትሽ ሌሊት የጠየቀችው ጥያቄ በቀጥታ ከዚህ ነው። እኔ የምለው፣ ወደዚያ የገፋት እምነቷ ሳይሆን ጠያቂዎቿ ናቸው።

ከተነሳ አይቀር የሚያበሳጨኝን ልናገር። ከኬሞ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ፣ በሽታ የሚከላከልልን ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። ልክ በዚያ ሰሞን አሥራ አምስት ሰው አልጋውን ከቦ እጁን ጭኖ ይጸልያል፣ አንዱ መሃል ላይ ያስነጥሳል። በዚያ ጊዜ 38 ዲግሪ ትኩሳት ማለት ድንገተኛ ነው፤ ቶሎ አንቲባዮቲክ ካልተጀመረ ሰው ይሞታል። ጸልዩ እንጂ፣ ማን ከለከለ። በር ላይ ሆናችሁም ይሰማል።

ጨረቃ፦
የኛ ቤት ደግሞ ጾም ነበር። አባቴ ኬሞ ላይ እያለ ረመዳን ገባ። ካልጾምኩ አለ። የሚወስደው ሲስፕላቲን ነው፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ስለዚህ ውሃ በደንብ መጠጣት አለበት። ሐኪሙ ተናገረው፣ ወንድሞቼ ተቆጡት፣ እኔ አለቀስኩ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ኢማማችንን ለምኜ ወደ ቤት አመጣኋቸው። አጠገቡ ተቀምጠው ቁርአን ራሱ የታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያካክስ እንደፈቀደ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ማለታቸውን አስታወሱት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አባቴ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለ። ስለዚህ ደረቅ እውነት፣ ያንተ ጥናት አባቴን አንድ ጉንጭ ውሃ አያጠጣውም ነበር። ልብ በሉ ደግሞ፣ ኢማሙ «ትድናለህ» አላሉትም። «አላህ ካንተ ይህን አልጠየቀም» ነው ያሉት።

ደረቅ እውነት፦
እሺ፣ በውሃው ተሸንፌያለሁ። ግን መጨረሻው አካባቢስ? በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት 345 በሽታው የጠናባቸው የካንሰር ታማሚዎችን ተከታትሏል። በእምነታቸው አብዝተው የሚደገፉት በመጨረሻዋ ሳምንታቸው በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የመሆናቸው ነገር ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ተአምር እየጠበቁ ቱቦ ጉሮሯቸው ውስጥ ገብቶ፣ መናገር አቅቷቸው፣ ከልጆቻቸው ጋር ሳይሰነባበቱ። ይሄ እምነት ነው ወይስ ቅጣት?

ነርስ ነኝ፦
ይሄኛው ከባድ ነው፣ አልክድህም። አይቼዋለሁ። ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ያው ቡድን በማግሥቱ ዓመት ያወጣውን ጨምር። መንፈሳዊ ጉዳያቸውን ሐኪሞቹና ነርሶቹ ራሳቸው የሰሙላቸውና የደገፉላቸው ታማሚዎች ስቃይን የሚያስታግስ የመጨረሻ ጊዜ እንክብካቤ የመምረጣቸው ነገር ከፍ አለ። በእምነታቸው አብዝተው የሚደገፉት ደግሞ ማሽኑንም ያን ያህል አልፈለጉትም። ስለዚህ ታማሚው አማኝ መሆኑ ብቻውን አይደለም ወደ ማሽኑ የሚወስደው። ስለሚያምነው ነገር ከሐኪሙ ጋር የሚያወራበት ዕድል ማጣቱም አለበት። እኛ የመድኃኒት አለርጂ እንጠይቃለን፣ «ምን ያጸናዎታል?» ብለን አንጠይቅም። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የማታ ሰው፦
ሁላችሁም ስለ ታማሚው ነው የምታወሩት። አስታማሚውስ? ሚስቴን አሥራ አራት ወር አስታምሜያለሁ። ጉበቷ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት እንድትድን ጸለይኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ግን እንዲያልቅ ነው የጸለይኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አለቀ። ከዚያ ወዲህ መጸለይ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የተሰማልኝ ጸሎት እሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እሷን «እመኚ» ሲላት እኔን «በርታ፣ ጸልይ» ይለኝ ነበር፤ እንቅልፍ አግኝተህ ታውቃለህ ወይ ያለኝ የለም። ለማከራከር አይደለም የጻፍኩት።

ታናሽ እህት፦
የማታ ሰው፣ እኔም ጸልያለሁ። እንዲያልቅ። ብቻህን አይደለህም።

አረጋዊ፦
ልጆቼ፣ እኔ የታመመ ለመጠየቅ ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩ አገልጋይ ነኝ። ያንን «እመን፣ ትድናለህ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ለምን እንደምለው ልንገራችሁ፣ የምለው ሲጠፋኝ ነው። አልጋው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈራል። የኢዮብ ወዳጆች ሊጠይቁት መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ያን ጊዜ መልካም ጠያቂዎች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው «ኃጢአት ባይኖርብህ ይህ አይደርስብህም ነበር» ማለት ሲጀምሩ ነው። ስለ ዕውሩም ሰው ደቀ መዛሙርቱ «እርሱ ወይስ ወላጆቹ፣ ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው?» ብለው ሲጠይቁ የተመለሰላቸው እርሱም ወላጆቹም አይደሉም የሚል ነው። ታናሽ እህት፣ እህትሽ ያን ሌሊት የጠየቀችሽ ጥያቄ ድሮ መልስ ያገኘ ነው። አጠገቧ ሆኖ የሚነግራት ሰው ነው የጠፋው። አንተ የማታው ሰው ደግሞ፣ የምትወዳት ስቃይዋ እንዲያበቃ መለመንህ ክህደት አይደለም። አሁን ጸልይ አልልህም። ተኛ።

ደረቅ እውነት፦
አባቴ፣ እርስዎን የመሰለ ጠያቂ ቢበዛ እኔም ብዙ አልከራከርም። የማገኛቸው ግን ሌሎቹን ነው። «መድኃኒቱን ጣል፣ እምነትህን አሳይ» የሚሉትን። እነሱን በምን እናስቁም?

ነርስ ነኝ፦
እነሱን እኔም በር ላይ ነው የምመልሳቸው። ለዚያ ጥናት አያስፈልገኝም።

ጨረቃ፦
ሰባት ዓመቴ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ አትቀየመኝ። ያኔ ስካንህ መጥፎ ቢሆን ኖሮስ? እናትህ ምን ይሉህ ነበር?

ሰባት ዓመቴ፦
አልተቀየምኩም። መልሱን ስላላወቅኩ ግን ደውዬ እናቴን ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ላንተ ብዬ መሰለህ?» አለችኝ። ማታ ማታ ያን ቃል ጮክ ብላ ካላለችው ጉልበቷ እየከዳት ከወንበሯ መነሳት ያቅታት ነበር። ስካኑ መጥፎ ቢሆንም ያንኑ ትለኝ እንደነበር ነገረችኝ፣ «ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ለኔ የተባለ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ምን እንደምል ግራ ገብቶኛል። እኔን ጠቅሞኛል፣ ያን አልክድም። ግን የማታ ሰው እንዳለው እሷንም «ተኝተሽ ታውቂያለሽ?» ያላት አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ታናሽ እህት፦
እናትህን ሰላም በልልኝ። ቃሉን አሁንም አልወደውም፣ ነገ ሌላ ሰው ብጠይቅ አልለውም፣ አባታችን እንዳሉት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ያኔ ሊጠይቁን የመጡትን ሰዎች ግን ዛሬ አንድ በአንድ ሳስባቸው ነበር። የእናትህን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ሦስት አራቱን ይቅር ብያቸዋለሁ፣ እነሱም ፈርተው ነበር መሰለኝ። አክስቴን ገና ነኝ።