ደረቴን እያመመኝ ስፖርት እንዴት ልሥራ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። 34 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከደረቴ መሀል ትንሽ ወደ ግራ፣ ጎድኔ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ያመኛል። ስምንት ወር ሆነኝ። በጣቴ ስጫነው ይብሳል፣ ሳስነጥስማ አይጣል ነው። ልቤ መስሎኝ በድንጋጤ ሐኪም ቤት ሮጥኩ። የልብ ምርመራዎቹ፣ ኢሲጂውም ኢኮውም፣ ደህና ናቸው ተባልኩ። ዶክተሩ «ጎድንና የደረት አጥንት የሚያያዙበት ቅርጭጭት ተቆጥቷል፣ ኮስቶኮንድራይተስ ይባላል» አለኝና አይቡፕሮፌን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ጻፈልኝ። ስፖርትስ ስለው «ለጊዜው ተወው» አለኝ። ተውኩት። አሁን 9 ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ ሕመሙም እዚያው ነው። ድሮ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ እሮጥ ነበር፣ ጂም ደግሞ ፑሽ አፕና ቤንች ፕሬስ (ተንጋልሎ ክብደት መግፋት) እሠራ ነበር። እንዴት ልመለስ?

የጎፋው፦ ወንድሜ፣ ይሄ ብርድ ነው። ጎበዝ ወጌሻ ፈልገህ በደንብ ታሽ፣ ይለቅሃል።

ፊዚዮዋ፦ የጎፋው ይቅርታ፣ ወጌሻው ይቅርበት። የተቆጣ ቦታ በጉልበት ሲታሽ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሙቅ ውኃ በላስቲክ አድርጎ በፎጣ ጠቅልሎ 15 ደቂቃ ቢይዝበት ይሻለዋል።

ጠያቂው፣ የተሰበረ እጅ በጀሶ ታስሮ ያርፋል። ጎድን ግን በተነፈስክ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ነው ቶሎ የማይድነው። ጨርሶ መተኛት ግን ደረትህን ያደርቀዋል። በእግር ጉዞ ጀምር፣ 20 ደቂቃ፣ ሜዳ ላይ፣ እያወራህ መሄድ በምትችልበት ፍጥነት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዳገት ስትወጣ ማለክለክህ ራሱ ጎድንህን ይጎትተዋል። ጂም ከገባህ የማይንቀሳቀሰውን ብስክሌት ቀጥ ብለህ ተቀምጠህ ንዳ፣ እጀታው ላይ አትደገፍ። ለእግርህ ያለ ክብደት ስኳት (ቁጭ ብድግ) ሥራ። ፑሽ አፕ፣ ቤንች ፕሬስና ዲፕስ (በሁለት ብረት መሀል በእጅ ተደግፎ መውረድና መውጣት) ለጊዜው ይቆዩ። በሩ መቃን ላይ ክንድህን አስደግፈህ ደረትህን ቀስ ብለህ ክፈት፣ 30 ሰከንድ፣ ሳይወጋህ። የላይኛው ጀርባህንም አፍታታው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምታጎነብስ ከሆነ ጫናው ወደ ደረትህ ይመጣል።

ልክህን የሚነግርህ ማግስቱ ነው። ጠዋት ስትነሳ ሕመሙ ከትናንቱ ካልባሰ ልክ ነበርክ። ከባሰ ግማሹን ቀንስ።

የልጆች እናት፦ ልጄ፣ እኔ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ጂም የሚባል ረግጬ አላውቅም። የኔን የቀሰቀሰው የሁዳዴ ስግደት ነው። በእጅ ተደግፎ መነሳት ያው የናንተ ፑሽ አፕ አይደል? ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ቆመሽ ጎንበስ በይ፣ ይበቃል» አሉኝ። ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅህ አታንጠልጥል። እኔ ባለ 5 ሊትር ሁለት ገዝቼ በሁለት እጄ ነው የምይዘው። ምልልሱ በዛ እንጂ ደረቴ ዐረፈ።

ነርሱ፦ ሁለት ነገር ልጨምር። ኪኒን ውጠህ አትሩጥ። ሕመሙን ይሸፍንብህና ሳታውቀው ታበዛዋለህ፣ ጨጓራህም ይከፍላል። ሌላው፣ ኢሲጂህ ደህና ነበር ብለህ ሁሉንም ሕመም በዚህ አታሳብብ። ስትንቀሳቀስ የሚያፍን፣ ስታርፍ የሚተው፣ ወደ ክንድ ወይ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ወዲያው 907 ደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

ጠያቂው (ከአንድ ወር በኋላ)፦ አመሰግናለሁ። ጉዞው 40 ደቂቃ ደርሷል። አንድ ቀን ግን ተሽሎኛል ብዬ 10 ፑሽ አፕ ሠራሁ፣ ሦስት ቀን ከፈልኩበት። እማማ፣ ጀሪካኑንም ቀይሬያለሁ።

ፊዚዮዋ፦ ሃሃ፣ ሁሉም ይሞክራታል። መጀመሪያ ቆመህ ግድግዳ ግፋ፣ 5 ጊዜ ብቻ። ማግስቱን እይና ጻፍልን።