ቩልካን ወይስ ኦፕን ጂኤል? ሲ ወይስ ረስት? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ለአሮጌ ኮምፒውተሮች የሚሆን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ቀለል ያለ የዌይላንድ ኮምፖዚተር (ሊኑክስ ላይ የፕሮግራሞችን መስኮቶች አቀናብሮ ስክሪን ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም) ልሠራ ተነስቼ ገና ከመጀመሪያው ተይዣለሁ። ቩልካንም ኦፕን ጂኤልም ፕሮግራም ግራፊክስ ቺፑን ሥዕል አውጣ ብሎ የሚያዝባቸው መንገዶች ናቸው። ጓደኞቼ "ኦፕን ጂኤል ጊዜው አልፎበታል፣ በቩልካን ጻፈው" ይሉኛል። እሺ፣ ግን ላቦራቶሪያችን ውስጥ ያሉት ማሽኖች የግራፊክስ ቺፓቸው ኢንቴል ኤችዲ 3000 ነው፤ ለዚያ ቺፕ ደግሞ ሜሳ (ሊኑክስ ላይ ያለው ክፍት የግራፊክስ ድራይቨሮች ስብስብ) ላይ የቩልካን ድራይቨር የለም። ቩልካን የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች ዘርዝር ስለው የሚያወጣልኝ በሶፍትዌር ብቻ የሚሥለውን ኤልኤልቪኤምፓይፕን ብቻ ነው፣ ማለትም ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ጫንቃ ላይ ሊወድቅ ነው። ቀለል ያለው የኦፕን ጂኤል ዓይነት፣ ኦፕን ጂኤል ኢኤስ 2.0፣ ግን ያለ ችግር ይሄዳል።

የፕሮግራሚንግ ቋንቋውም ሌላ ጣጣ ነው። ኮምፖዚተር መሥሪያው ላይብረሪ ደብልዩኤልሩትስ በሲ የተጻፈ ነው፣ ሲ ደግሞ እችላለሁ። ረስት ብዙ የሜሞሪ ስህተት ገና ኮምፓይል ሲደረግ (ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀየር) ይይዛል፤ ለዚሁ ሥራ ስሚዜይ የሚባል ላይብረሪም አለው፣ ኮዝሚክ ዴስክቶፕም የሚጠቀመው እሱን ነው። ግን ኮምፓይል ሲያደርግ እነዚህን ምስኪን ማሽኖች ያስጨንቃቸዋል። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ደግሞ ያን ሁሉ ላይብረሪ ማውረድ መከራ ነው።

አሁን ልቤ ያደላው ወደ ሲ ነው። በኦፕን ጂኤል ኢኤስ ጀምሬ ቩልካንን በኋላ ልጨምር ብል፣ የሥዕል ማውጫውን ክፍል ከሌላው ኮድ ከወዲሁ እንዴት ልለየው? በሁለቱም የሠራችሁ ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ፣ "ሁለቱንም ሞክር" ብቻ እንዳትሉኝ።